ከውጭ የገባ እሳት፣ ውስጥ የተዳፈነ ረመጥ፦ ኤም ኤስ አንጎልን የሚጎዳበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች በቀን ስንቴ ይጠሩታል። ስሙ የቀረው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት አካባቢ ማለት ነው። ድሮ ሰው እብድ ውሻ ሲነክሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይባል ነበር። የተነከሰው ሰው ለብዙ ተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ ይወጋል። ክትባቱ የሚዘጋጀው ቫይረሱ ከተራባበት የእንስሳ አንጎል ነበር። ቫይረሱ ይገደላል። መርፌው ውስጥ ግን ከሞተው ቫይረስ ጋር የአንጎል ቅንጣትም አብሮ ይገባል።

ዘዴው ሉዊ ፓስተር ራሱ በ1885 ፓሪስ ላይ ከጀመረው የተወረሰ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እሱ የተጠቀመው የደረቀ የጥንቸል ህብለ ሰረሰር ነበር። ክትባቱ ስንቱን ከሞት አተረፈ። ነገር ግን ከተከተቡት መካከል ጥቂቶቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እግራቸው ከዳቸው። አንዳንዶቹ ሽባ ሆኑ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ቫይረሱ ነበር። ቆይቶ ግን ጥፋቱ የዚያ አብሮ የገባ የአንጎል ቅንጣት እንደሆነ ታወቀ። ክትባት ማለት ለሰውነት መከላከያ የጠላትን መልክ ማሳየት ነው። እዚህ ጋ ከጠላት ጋር የራስ አንጎል የሚመስል ነገርም ታየ። ሰውነት ሁለቱንም ተማረ፣ ከዚያም የራሱን አንጎል መምታት ጀመረ።

በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስ የተባለ ተመራማሪ ነገሩን ሆን ብሎ ሞከረው። ጤነኛ የጥንቸል አንጎል ፈጭቶ ጦጣዎችን ደጋግሞ ወጋ። ቫይረስ የሚባል ነገር የለበትም። ከጦጣዎቹ አንዳንዶቹ ሽባ ሆኑ። አንጎላቸው ሲመረመር በደም ሥሮች ዙሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት ተኮልኩለው፣ የነርቭ ክሮቹም ሽፋናቸው ተገፎ ተገኘ።

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ ማንም ሳይወጋው ይኸው ነገር በሰው ላይ ሲደርስ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። ብዙ አንርቅም እንጂ ትንሽ እንርቃለን። ያቺ ትንሽ ልዩነት ተመራማሪዎችን ለዓመታት አሳስታለች፤ እመለስባታለሁ።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1868 ነው። ፓሪስ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ የሞቱ ሕሙማንን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሲከፍት፣ እዚህም እዚያም የጠጠሩ ግራጫ ነቁጦች አየ። ስክለሮሲስ ማለት መጠጠር ነው። መልቲፕል ደግሞ ብዙ ቦታ። ዛሬ በዓለም ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይይዛል።

አንዲት የ28 ዓመት ወጣት እናስብ። አንድ ጠዋት አንድ ዓይኗ ይደበዝዛል፤ ሲንቀሳቀስም ያማታል። ቀይ ቀለም በዚያ ዓይን ሲታይ የደበዘዘ፣ የታጠበ ይመስላታል። ቤተሰብ «ምች ነው» ይላል። ሌላው «ስልክ ስለምታበዢ ነው» ይላል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሻላታል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ከወገቧ በታች ይደነዝዛታል። የቫይታሚን ቢ መርፌ ትወጋለች፣ ጸበል ትጠመቃለች፣ አሁንም ይሻላታል። የኤም ኤስ ትልቁ ተንኮል ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ደግሞ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የተሞከረው ነገር ነው።

ላስቲኩ የተላጠ ገመድ

አንጎል ውስጥ መልእክት የሚሄደው አክሶን በሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ነው። ብዙዎቹ ክሮች ማይሊን የሚባል የስብ ሽፋን አላቸው። የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ አስቡ። ሽፋኑን የሚሠሩት ኦሊጎደንድሮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። አንዱ ሕዋስ እጆቹን ዘርግቶ በደርዘን የሚቆጠሩ ክሮችን ይጠቀልላል። ስለዚህ አንድ ሕዋስ ሲሞት የሚራቆተው አንድ ክር ብቻ አይደለም። ሽፋኑ ካለ መልእክቱ በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ማይሊን የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። ሽፋኑ በድንገት የተላጠበት ክር ደግሞ ብዙ ጊዜ መልእክቱን ጭራሽ አያደርስም።

ሽፋኑን የሚልጠው ማነው? ክሱ መጀመሪያ የሚያርፈው ቲ ሴል በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ነው። ቲ ሴሎች የሚማሩት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ነው። እዚያ ፈተና አለ። የራስን አካል በኃይል የሚነካ ቲ ሴል ይገደላል። ግን ፈተናው ጥብቅ አይደለም፤ የሚያመልጡ አሉ። እርስዎም እኔም ማይሊንን የሚለዩ ቲ ሴሎች በደማችን ይዘን ነው የምንዞረው። አብዛኞቻችን ምንም አንሆንም፣ ምክንያቱም ሴሎቹ ተኝተዋል። ዋናው ጥያቄ የሚቀሰቅሳቸው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ በ2022 ከባድ መልስ መጣ። በሃርቫርድ የአልቤርቶ አሼሪዮ ቡድን ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ አገላብጦ፣ ከዓመታት በፊት የተቀመጠ የደም ናሙናቸውን መረመረ። በኋላ ኤም ኤስ ከያዛቸውና ናሙናቸው ከተመረመረ 801 ሰዎች መካከል፣ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ ሳይያዝ በሽታው የጀመረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቫይረሱ ያልነበረበት ሰው ቫይረሱ ሲይዘው በኤም ኤስ የመያዝ ዕድሉ 32 እጥፍ ያድጋል። በተመሳሳይ መንገድ የሚተላለፍ ሌላ ቫይረስ ሲፈተሽ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ሌላም ነገር ነበር። የነርቭ ክር ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን አለ። እሱም መጨመር የጀመረው ከቫይረሱ በኋላ ነው፤ ምልክት ከመታየቱ ግን ዓመታት ቀድሞ።

በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አንዱን መንገድ አሳዩ። የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ቁራጭ አንጎል ውስጥ ካለ ግሊያልካም ከሚባል ፕሮቲን ቁራጭ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቫይረሱን ለመያዝ የተሠራ አንቲቦዲ የራስንም ይይዛል። ይህ የታየው ከታማሚዎቹ በከፊሉ ነው፤ የሁሉንም ታሪክ አያስረዳም። ደግሞ ከአዋቂዎች 95 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ነው የሚኖረው። ቫይረሱ በሩን ይከፍት እንደሆነ እንጂ ብቻውን ቤቱን አያቃጥልም። ዘርም፣ የፀሐይ ብርሃንም፣ ሲጋራም፣ በወጣትነት መወፈርም እጃቸው አለበት።

በሩን አልፎ መግባት

የአንጎል የደም ሥሮች ከሌላው አካል የደም ሥሮች ይለያሉ። ግድግዳቸውን የሠሩት ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው ክፍተት የላቸውም። የተኛ ቲ ሴል አያልፍም። የተቀሰቀሰ ቲ ሴል ግን ላዩ ላይ እንደ ሜንጦ ያለ ሞለኪውል ያበቅላል። በዚያ ሜንጦ የደም ሥሩን ግድግዳ ይይዛል፣ ይንከባለላል፣ ይቆማል፣ ሾልኮ ይገባል።

ከገባ በኋላ ገና አንጎል ውስጥ አይደለም። ከደም ሥሩ ግድግዳና ከአንጎሉ ሥጋ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለች፣ ግቢና ሳሎን መካከል እንዳለች በረንዳ። እዚያ የሚጠብቁት ሌሎች ሕዋሳት የማይሊን ቁራጭ አውጥተው ያሳዩታል። ካላወቀው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካወቀው ግን ዳግም ይቀሰቀሳል፣ ሌሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎች ይለቃል፣ ሁለተኛውን ግድግዳ አልፎ ይገባል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሕዋሳቱ የደም ሥሩን እንደ ሸሚዝ እጅጌ ከበውት ይታያሉ። በ1916 ኤድንብራ ላይ ጄምስ ዳውሰን የሳላቸው ጠባሳዎች ደም መላሽ ሥሮችን ተከትለው እንደ ጣት የተዘረጉ ናቸው። ዛሬም ራዲዮሎጂስቶች ኤም አር አይ ላይ «የዳውሰን ጣቶች» ይሏቸዋል። ጠባሳው መሐል የደም ሥር ማየት አሁን ኤም ኤስን ከሌላ በሽታ ለመለየት ያገለግላል።

ያ ሜንጦ ዋናው የመግቢያ መሣሪያ ለመሆኑ ማስረጃው መድኃኒት ነው። ናታሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ሜንጦውን ይሸፍነዋል፤ ሌላ ነገር አይሠራም። ሴሎቹ አይሞቱም፣ ደም ውስጥ እየዞሩ ይቀራሉ። የበሽታው ግርሻ ግን በ68 በመቶ ቀነሰ። በኅዳር 2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሦስት ወር ገደማ እንደሆነው ከገበያ ወጣ። ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ጄሲ የሚባል ቫይረስ፣ ጠባቂ የሌለበትን አንጎል አግኝቶ ተነሳና ሰው ገደለ። ለካ እነዚያ ሕዋሳት አንጎል ውስጥ የሚመላለሱት ለክፋት ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

ከገቡ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ «ቲ ሴሎች ማይሊንን ይበላሉ» ብሎ ያልፋል። አይበሉም። ትኩስ ጠባሳ ተቆርጦ ሲታይ ቲ ሴሎቹ ከሌሎቹ ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ቦታውን የሞሉት ማክሮፌጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳትና ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎሉ የራሱ ዘበኞች ናቸው። ሆዳቸው በማይሊን ስብ ተነፍቷል። ቲ ሴሎቹ ከሳሾች ናቸው፤ ፍርዱን የሚፈጽሙት እነዚህ ናቸው።

መሣሪያቸውም ብዙ ነው። አንዳንድ ቲ ሴሎች የሌላውን ሕዋስ ልባስ በስተው መግደያ ይረጫሉ። አንቲቦዲዎች ማይሊን ላይ ይለጠፉና «ይህን ብሉ» የሚል ምልክት ይሆናሉ። በላተኞቹ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎች ተናዳፊ የኦክስጅን ውሁዶች ይለቃሉ። ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የሚመታው የሕዋሱን ጉልበት ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን ነው።

አሁን የተራቆተውን ክር ሂሳብ እንሥራ። ሽፋኑ ሲሄድ ክሩ መልእክት ለማሳለፍ በርዝመቱ ሁሉ አዳዲስ የሶዲየም በሮች ይከፍታል። የገባውን ሶዲየም መልሶ ለማውጣት ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ጉልበት ይጠይቀዋል። በዚያው ሰዓት ማመንጫው ተመትቷል። ወጪ ጨመረ፣ ገቢ ቀነሰ። ሶዲየም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ተከትሎ ካልሲየም ይገባል፣ ካልሲየሙ ክሩን ከውስጥ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ያስነሳል። ክሩ ይበጠሳል። የተበጠሰ የአንጎል ክር ተመልሶ አይቀጠልም።

ሻርኮ ክሮቹ በአብዛኛው እንደሚተርፉ ጽፎ ነበር። ያ አስተያየት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀባይነት ነበረው። በ1998 ክሊቭላንድ ላይ ብሩስ ትራፕና ባልደረቦቹ የተበጠሱትን ክሮች ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ትኩስ ጠባሳ ውስጥ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ከ11,000 በላይ አገኙ። አንድ ኩብ ሚሊሜትር ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በጤነኛ አንጎል ውስጥ በዚያው መጠን አንድ እንኳ አይሞላም። ሕክምና ቶሎ ይጀመር የሚለው ውትወታ የመጣው ከዚህ ነው። ወጣቷ «ተሽሎኛል» ስትል፣ የተሻላት እብጠቱ ስለጎደለ፣ አንዳንዱ ክር እንደገና ስለተሸፈነ፣ አንጎሏም ሌላ መንገድ ስላበጀ ነው። የተበጠሰው እንደተበጠሰ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልበል። የጀርመኑ የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 አንዳንድ ሕሙማን ሰውነታቸው በእንቅስቃሴ ሲግል ዓይናቸው እንደሚፈዝ ጻፈ። የተላጠ ክር በግማሽ ዲግሪ ሙቀት ልዩነት መልእክቱን ሊጥል ይችላል። ሐኪሞች በአንድ ወቅት በሽታውን ለመለየት ሰውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነክሩ ነበር። ጅዳ ወይም ዱባይ የሚኖር፣ ወይም ምጣድ ፊት የሚውል የኤም ኤስ ታማሚ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሲበርድ ደግሞ ይቀላል። ማለዳ በቀዝቃዛ ጸበል የተጠመቀ ሰው ለጥቂት ሰዓታት እግሩ ቢቀለው በሰውነቱ ውስጥ የሆነው ነገር እውነተኛ ነው። ሙቀቱም ብርዱም ግን ጠባሳውን አይነካውም፤ የመድኃኒት ቦታ አይተካም።

አይጦቹ ያሳሳቱን ነገር

ያቺ ልዩነት ያልኳትን ላንሳ። ከሪቨርስ ጦጣዎች ወዲህ ምርምሩ በአብዛኛው ወደ አይጥ ዞረ። አይጥን በማይሊን መውጋት፣ ሽባ ማድረግ፣ መድኃኒት መሞከር። በአይጦቹ ላይ ጥፋቱ የቲ ሴል ነበር፤ ስለዚህ የሰውም የቲ ሴል ብቻ ነው ተባለ። ግን አይጡ የሚያሳየው ሰው ሠራሽ በሽታ ነው። በ1987 ጋማ ኢንተርፌሮን፣ ቲ ሴሎች ራሳቸው የሚለቁት ኬሚካል፣ ለ18 ታማሚዎች ተሰጠ፤ ሰባቱ ግርሻ ያዛቸው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቲ ኤን ኤፍ የሚባለውን እብጠት አቀጣጣይ ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት አይጦቹን ፈውሶ ሰዎቹን አባሰባቸው። አይጥ የሚድንበት መድኃኒት ሰውን ሲጥል ማየት ሳይንቲስትንም ያስተክዛል።

ካሊፎርኒያ ያለው የነርቭ ሐኪም ስቲቨን ሃውዘር ሌላ ነገር ይጠረጥር ነበር፦ ቢ ሴሎችን። ቢ ሴሎች አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሕዋሳት ወላጆች ናቸው። የሚያጠፋቸውን መድኃኒት ለመሞከር የመንግሥት ገንዘብ ሲጠይቅ ሐሳቡ አይመስልም ተብሎ መከልከሉን ራሱ ተናግሯል። ሙከራው በመድኃኒት አምራች ድጋፍ ተካሄደ። በ2008 የወጣው ውጤት 104 ሰዎችን የያዘ ነበር። ሪቱክሲማብ የተሰጣቸው ሰዎች አንጎል ላይ የሚታየው ትኩስ ጠባሳ በ91 በመቶ ቀነሰ።

ደስ የሚለው እንቆቅልሽ ከዚያ በኋላ ነው። ሃውዘር ውጤቱ አንቲቦዲ ሲቀንስ ይመጣል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ያ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ጠባሳዎቹ ግን በሳምንታት ውስጥ ጠፉ፤ አንቲቦዲው ገና እንዳለ ነበር። መድኃኒቱ ቢ ሴሎቹን ይገድላል እንጂ አንቲቦዲ አምራቾቹን አይነካም። ታዲያ ቢ ሴሎቹ የሚያጠፉት በምን ነበር? ቲ ሴሎችን በመቀስቀስ ነው። ቁራጭ ያሳያሉ፣ ያነሳሳሉ፣ ያቀጣጥላሉ። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ የሚኖረውም እዚያው ቢ ሴል ውስጥ መሆኑን ስታዩ፣ ሁለቱ ታሪኮች አንድ ቦታ ይገጥማሉ። አሼሪዮና ሃውዘር የ2025ን የብሬክስሩ ሽልማት አብረው መውሰዳቸው ለእኔ ተገቢ ነበር።

የሪቱክሲማብ ታናሽ የሆነው ኦክሬሊዙማብ በ2017 ተፈቀደ። ሪቱክሲማብ ራሱ ርካሽ ቅጂዎች ስላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ለኤም ኤስ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከዚያ በፊት በዝርዝሩ ላይ ለኤም ኤስ ተብሎ የገባ አንድም መድኃኒት አልነበረም።

ስለ እኛም ሰው ላንሳ። ኤም ኤስ ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ይበዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ አይታይም። በከፊል እውነት ነው፦ ፀሐይ አለ፣ ቫይረሱም አብዛኛውን ልጅ ገና በሕፃንነቱ ይዞት ያልፋል፤ በጉርምስና ሲይዝ ነው አደጋው የሚከፋው። በከፊል ደግሞ ሳይታይ ቀርቶ ነው። ያለ ኤም አር አይ ኤም ኤስን መለየት ይከብዳል፤ ማሽኖቹ ደግሞ ጥቂት፣ ያሉትም በአብዛኛው ትልልቅ ከተማ ላይ ናቸው። ሌላ መንታ መሳይ በሽታም አለ። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ይባላል። ዓይንንና ህብለ ሰረሰርን ይመታል፣ ግን ዒላማው ማይሊን ሳይሆን አስትሮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። መለያው አንቲቦዲ በ2004 ተገኘ። መለየቱ ጉዳይ አለው፣ ምክንያቱም አንዳንድ የኤም ኤስ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ቤታ ኢንተርፌሮን፣ ይህን በሽታ ያባብሱታል።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ «ይህ የነጭ በሽታ ነው» የሚለውን ወሬ አትመኑ። በ2013 የታተመ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጥናት ጥቁር ሴቶች ከነጭ ሴቶች ይበልጥ በኤም ኤስ እንደሚያዙ አሳይቷል። የተጠኑት በአብዛኛው አፍሪካ አሜሪካውያን ናቸው፤ በቀጥታ የአበሻ ቁጥር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከካሪቢያን የሄዱ ስደተኞች ልጆች፣ ወላጆቻቸው ያልነበረባቸውን አደጋ እዚያ ተወልደው እንደወረሱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ታይቷል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ አንድ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ «በዘራችን የለም» መልስ አይሆንም።

የተዳፈነው

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አንዱ እሳት ነው፤ ከደም ስለሚገባው። ለዚያ መድኃኒት አለ፣ ጥሩ መድኃኒት። ኦክሬሊዙማብ ከቤታ ኢንተርፌሮን ጋር ሲነጻጸር ትኩስ ጠባሳን በ94 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ይኸው መድኃኒት ከመጀመሪያው አንስቶ ያለ ግርሻ ቀስ እያለ ለሚከፋው ዓይነት ሲሰጥ ግን የአካል ጉዳቱን መክፋት የቀነሰው በ24 በመቶ ብቻ ነው። 94 እና 24። ትኩስ ጠባሳ ሁሉን ነገር የሚያስረዳ ቢሆን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እንዲህ ባልተራራቁ ነበር።

እናቶቻችን ማታ እሳት አያጠፉም፤ ያዳፍኑታል። ፍሙን አመድ ያለብሱታል። ጭስ የለም፣ ብርሃን የለም። ጠዋት ሲገልጡት ረመጡ እንዳለ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን ሁለተኛ እሳት የሚጠሩት በዚሁ ዓይነት ስም ነው፣ የተዳፈነ ኤም ኤስ ይሉታል።

ረመጡን የያዘው ማይክሮግሊያ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከደም የመጡ አይደሉም። ፅንስ ሳለን አንጎል ውስጥ ገብተው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። ሥራቸው ማጽዳትና መጠበቅ ነው። አንዴ ወረራ ካዩ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ሰላማቸው አይመለሱም። አሮጌ ጠባሳ ዳር ዳሩን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ከሞቱት ኦሊጎደንድሮሳይቶች የፈሰሰውን ብረት ይለቅማሉ፣ መርዛቸውን ይለቃሉ። ጠባሳው በዓመት ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ይሰፋል። የደም ሥሩ ግድግዳ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ለኤም አር አይ የሚሰጠው ቀለም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ምስሉ ላይ ምንም አይበራም። የአንጎል ልባስ ውስጥም ቢ ሴሎች ተሰብስበው ከሥራቸው ያለውን የአንጎል ቅርፊት ይጎዳሉ። በደም የሚሰጡት ትልልቅ መድኃኒቶች ደግሞ እዚያ የሚደርሱት በጣም በጥቂቱ ነው።

ሐኪም ቤት «አዲስ ነገር የለም፣ ንጹህ ነው» ተብሎ የወጣ፣ ግን ዓምና ያለ ምርኩዝ ይወጣው የነበረውን ደረጃ ዘንድሮ ያልቻለ ሰው አለ። ብዙዎች «ጭንቀት ነው» ተብለዋል። ያ ብረት ለአንዳንድ ኤም አር አይ አሠራር ይታያል፣ ጠባሳውን እንደከበበ ጥቁር ቀለበት። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2019 የወጣ ጥናት፣ አራትና ከዚያ በላይ ቀለበት ያለባቸው ሰዎች በእንቅስቃሴም በማሰብም ቶሎ እንደሚዳከሙ አሳይቷል። ቀለበቱ አሁን በ2024ቱ የምርመራ መመዘኛ ውስጥ ገብቷል፤ በየሆስፒታሉ መታየቱ ግን ገና ነው።

መድኃኒቱስ? ቶለብሩቲኒብ የሚባል እንክብል አለ። ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ አንጎል ውስጥ ይገባል። ቢ ሴሎችንም ማይክሮግሊያንም የሚያነሳሳ አንድ ኢንዛይም ያግዳል። በ2025 በታተመ ጥናት፣ ግርሻ ቆሞላቸው ጉዳቱ ግን እየከፋ ያለ 1,131 ሰዎች ተሳተፉ። ስድስት ወር የዘለቀ መክፋት የታየው መድኃኒቱን ከወሰዱት 22.6 በመቶው ላይ ነው፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 30.7 በመቶው ላይ። አደጋው በ31 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግርሻ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከነባሩ የኤም ኤስ መድኃኒት ከቴሪፍሉኖማይድ ጋር ሲወዳደር ግርሻን በመቀነስ አልበለጠም። የጉዳቱን መክፋት ግን እዚያም አዘገየ። ወረራውን ከነባሩ አብልጦ ሳይከለክል ጉዳቱን ማዘግየት ቻለ። ሁለቱ እሳቶች የተለያዩ ለመሆናቸው ከዚህ የጠራ ማስረጃ እስካሁን አላየሁም።

ጉበት ላይ ግን ችግር አለ። ከወሰዱት 4 በመቶ ያህሉ የጉበት ኢንዛይማቸው ከመደበኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ወጣ፤ አንድ ሰው የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ሞተ። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ በነዚያ ወራት ደም በየሳምንቱ ይመርመር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ቅርብ ላለው ሰው ይህ የሚቻል ነው።